አራስ ዓሣ አታሳድድም

ልጅ ሳለሁ ተረት የምንሰማው እጃችን ዓሣ ዓሣ እየሸተተ ነበር። ያደግኩት ዝዋይ ሐይቅ ዳር ነው። ጀንበር ስታዘቀዝቅ የሰፈሩ ሴት ልጆች የእናቴ ታላቅ ወንድም አያ ሙላት ጎጆ እንሰበሰባለን። እሱ ቀን በመረብ ያወጣውን ቆሮሶ የሚባል ዓሣ ቅርፊቱን እየፋቅን፣ ሆዱን እየከፈትን፣ ጨው እየነሰነስን እናመሻለን፤ እሱ ደግሞ ተረቱን ያወራልናል። የሚሠራ እጅ ከሌለ አያ ሙላት አፉን አይከፍትም። «ተረት ለሰነፍ ጆሮ አይገባም» ይል ነበር።

ጎጆው ከሸምበቆ የተሠራ ነው፤ ዓሣ በጢስ የሚያደርቅበት። መሐሉ ላይ ፍም አለ፤ ፍሙ ላይ እርጥብ ቅጠል ይጥልበታል፤ ጢሱ ወደ ላይ ወጥቶ በገመድ የተሰቀለውን ዓሣ ያለብስና ተመልሶ ደግሞ እኛ ዓይን ውስጥ ይገባል። ምሰሶው ላይ አንዲት ኩራዝ ትንጠለጠላለች፤ ከሐይቁ ነፋስ ሲመጣ ነበልባሏ ጋደም ይልና የአያ ሙላት ጥላ ግድግዳው ላይ አብጦ ጣራ ይነካል። ያኔ ሌሎቹ ልጆች ጥላውን ይፈሩ ነበር፤ እኔ የምፈራው ተረቱ ሳያልቅ እናቴ እንዳትጠራኝ ነው። አፌን አይቶ ደፋር የሚለኝ ብዙ ነው፤ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ ገና ያልመጣውን ነገር አስቀድሜ የምፈራ ሰው ነኝ።

አያ ሙላት «ተረት ተረት» ሲል እንደ ሌላው ሰው «የላም በረት» እንድንለው አይፈልግም። «እዚህ ላም የት አያችሁ? የውሃ በረት በሉ!» ይለናል። እኛም ቢላዋችንን ከፍ አድርገን «የውሃ በረት!» እንላለን።

ካወራልን ሁሉ የቀረኝ የአራሷ ተረት ነው። ቆሮሶ ዕንቁላሏን ጥላ የምትሄድ ዓሣ አይደለችም፤ በአፏ ለቅማ ትይዘዋለች፤ ተፈልፍለው ራሳቸውን እስኪችሉ ልጆቿን አፏ ውስጥ ታሳድጋለች። ያን ጊዜ እህል ውሃ አትልም። ይህ ተረት አይደለም፤ በዓይኔ ያየሁት ነው። አያ ሙላት አፏ የሞላ ቆሮሶ መረቡ ውስጥ ካገኘ ቀስ ብሎ መልሶ ይለቃታል፤ «አራስ ናት፤ አራስ አይነካም» ይላል።

ተረቱ እንዲህ ነው። አንዲት ቆሮሶ ወለደች አሉ። የሐይቁ ዘመድ አዝማድ ሁሉ አራስ ጥየቃ መጣ። አምባዛ ጢሙን እያወዛወዘ፣ የሰባ ትል ይዞ «ብዪ» አላት። ዝም። ዳክዬ እልል እያለች ገብታ ክንፏን አራግፋ «ኧረ ብዪ፣ እኔ ስወልድ እንዲህ አልሆንኩም» አለቻት። ዝም። ጉማሬ ደግሞ አንድ ጉብታ ሙሉ ሣር ነቅሎ፣ በአፉ አንጠልጥሎ፣ ሲገባ ቤቷን ሁሉ አደፍርሶ «ከስተሻል፣ ብዪ እንጂ!» ብሎ ጮኸባት። አሁንም ዝም። ዘመዶቿ «ኮራችብን» አሉና እየተንሾካሾኩ ወጡ። አፏ ሙሉ መሆኑን ማን ይጠይቅ? ብትከፍተው ልጆቿ ሊበተኑባት ነው።

በመጨረሻ ቀንድ አውጣ መጣች። እሷ ምን ይዛ ትመጣለች? ቤቷን ተሸክማ የምትኖር ደሀ ናት። ምንም ሳትል ሸምበቆው ሥር ጥጓን ይዛ ተቀመጠች። ሰነበተች። አንድ ቀን ልጆቹ ከአፏ ወጥተው ዋኙ፤ አራሷ ያን ጊዜ ራቧ መጣባት፤ ዞር ስትል ቀንድ አውጣዋ ጀርባ ላይ የበቀለች ትንሽ አረንጓዴ ነገር አየችና ላስ አደረገቻት።

«እንግዲህ አራሷን ማን አበላት?» ይለናል አያ ሙላት፣ ፍሙን እየቆሰቆሰ። መጀመሪያ የሰማሁ ቀን ከሁሉ ፈጥኜ «ጉማሬው! ብዙ ይዞ የመጣው እሱ ነው!» አልኩ። ልጆቹ እስኪወድቁ ሳቁብኝ። አያ ሙላትም ሳቀና «አንቺስ ስታድጊ ጉማሬ ነው የምትሆኚው» አለኝ። ያኔ ሳቁ አናደደኝ እንጂ ነገሩ አልገባኝም።

እነሆ አሮጊት ሆኜ ፍራንክፈርት እኖራለሁ። ኦስትኤንድ ሰፈር ያለ ቢሮ ወለሉን ፊት እስኪያሳይ ወልውዬ ጡረታ ወጥቻለሁ፤ ቦከንሃይም የራሴ ክፍል አለኝ፤ ማንንም አላስቸግርም። ፊደል ከመቁጠር ብዙም አላለፍኩም፤ ቢሆንም ልጄን ሕይወትን አስተምሬ ለወግ ለማዕረግ አብቅቻለሁ። እሷና ባሏ ዳዊት ጊንሃይም፣ ከከተማው ረጅም የቴሌቪዥን ማማ ሥር ካሉት ፎቆች በአንዱ ይኖራሉ። ዘንድሮ በጸደይ ሴት ልጅ ወለደችልን።

ሕይወት ስትወልድ ድስቴን፣ ማማሰያዬንና ቅቤዬን ይዤ ቤቷ ገባሁ። አራስ ቤት እንዴት እንደሚያዝ እኔን ማንም አያስተምረኝም። ገንፎው በየጠዋቱ ተገነፋ፤ መሐሉ ላይ ቅቤና በርበሬው ተንጣለለ። የቤተ ክርስቲያን ጓደኞቼ በየተራ፣ ሳህን በሳህን ላይ ተሸክመው መጡ፤ ደረጃው ላይ ሳሉ ነው እልልታውን የሚያቀልጡት። አንዷ ጎረቤት ጀርመናዊት በሯን ከፍታ ጸጥታ ብትጠይቅ «ወልደን ነው፣ እልል በዪ!» ብያት ገባሁ።

ሕይወት ግን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። መጀመሪያ አንድ ሁለት ማንኪያ ትቀምስ ነበር፤ ኋላ እሱንም ተወችው። ሕፃኗን ታጠባለች፤ አጥብታ ስታበቃ ትሰጠናለች፤ ከዚያ ዓይኗን ፈጥጣ ዝም። እዚህ አገር አራስ ቤት ድረስ እየመጣች የምታይ አዋላጅ አለች። ሴትዮዋ አንድ ቀን ስትወጣ ኮሪደሩ ላይ ለዳዊት ቀስ ብላ ስትነግረው ከወጥ ቤት ሰማኋት፤ ሕፃኗ ደህና ናት፣ እናትየዋ ግን እንዲህ መቀጠል አትችልም፣ ሰኞ ሐኪም ዘንድ ቴርሚን የሚሉትን ቀጠሮ ይዣለሁ፣ ከባሰባት ሰኞንም አትጠብቁ፣ ሆስፒታል ውሰዷት። ልጄን የማጣት መሰለኝ።

ምን አደረግኩ? ገንፎውን አበዛሁት።

«ለልጅሽ ስትይ ብዪ! ሰው እንዴት በራሱ ላይ ይጨክናል?» አልኳት፣ ሳህኑን አፍንጫዋ ሥር ይዤ።

«ላስ ሚሽ፣ ማማ» አለችኝ። በጀርመንኛ ተይኝ ማለቷ ነው። ሕይወት ስትቆጣኝ በአማርኛ ነው የምትቆጣው፤ በጀርመንኛ ስትመልስልኝ ግን ርቃኝ ሄዳለች ማለት ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ዳዊት የዓሣ ማጥመጃ ዘንጉን ይዞ ወጥ ቤት መጣ። «እማማ፣ ዛሬ ከእኔ ጋር ሐይቅ ዳር ይውጡ፤ ትንሽ አየር ያግኙ። እህቴ መጥታ ከሕይወት ጋር ትቆያለች።»

«አራስ ጥዬ ዓሣ ላሳድድ? አንተስ ጤና ነህ?»

አንገቱን ደፋ። «እማዬን አውጣልኝ ያለችው ሕይወት ናት።»

ከዚህ በኋላ ምን እላለሁ? ሻርፔን አደረግኩ።

ዳዊት «ሐይቅ» ያለው ከከተማው ወጣ ብሎ ጠጠር ሲቆፈርበት የኖረ ጉድጓድ ውሃ ሞልቶበት ነው፤ ዝዋይን ያየ ሰው ኩሬ ነው የሚለው። ዳርቻው ላይ የወደቁ ዛፎች ቅርንጫፋቸውን ውሃ ውስጥ ነክረው ተኝተዋል። እዚህ አገር ዓሣ ለማጥመድም ፈተና አለ፤ ዳዊት አልፏል፣ ወረቀቱን ኪሱ ይዞ ነው የሚዞረው። እኔ ዘንጉን መንካት አልችልም፤ አፌን ግን የከለከለኝ ሕግ የለም።

የሚፈልገው ባርሽ የሚሉትን ነው፤ ጎኑ ጥቁር ሽንትር ያለበት፣ ክንፉ ቀላ ያለ፣ ጀርባው እሾህ የሆነ ዓሣ። ሣጥኑን ሲከፍት የሚያብለጨልጭ ብረት፣ ቀለም የተቀባ ዓሣ መሳይ እንጨት፣ ምን የሌለ አለ! እሱ ግን ከዚያ ሁሉ መርጦ የጭቃ ቀለም ያላት፣ ከትንሿ ጣቴ የማትበልጥ የጎማ ትል አወጣ።

«ይህቺን ማን ይበላታል? ያን የሚያበራውን ትልቁን እሰር እንጂ!»

«እማማ፣ ዓሣዎቹ ዕንቁላላቸውን ጥለው የጨረሱት አሁን በቅርቡ ነው። ደክመዋል። ትልቅ ነገር አያሳድዱም። ልጆቹ አድገው እነሱም ሲያገግሙ ያኔ ይሄኛው ትልቁ ይሠራል።»

«ዝዋይ ያደግኩት እኔ ነኝ ወይስ አንተ?»

አማቼ ጨዋ ነው፤ ፈገግ ብሎ ትልቁን ብረት አሰረው። ወረወረ። ብረቱ ቷ ብሎ ውሃውን መታና እየተንቦገቦገ ወደ እኛ መጣ። ውሃው ጥርት ያለ ስለነበር በዓይኔ አየኋት፤ አንዲት ትልቅ ባለ ሽንትር ከቅርንጫፉ ጥላ ወጣ አለች። ሆዷ ሙሽሽ ብሏል። ብረቱ እየተንኳኳ በአጠገቧ ሲያልፍ ፊቷን አዞረችና ወደ ጨለማው ወረደች። ደገመው። ጥላዋን እንኳ አላየንም።

«ጠግባ ይሆናል» አልኩ፣ ላለመሸነፍ።

«አልጠገበችም፣ እማማ። ሆዷን አላዩትም? ርቧታል። ርቧትም አትችልም።»

እንደዚያ ያለ ቃል ከዚያ ልጅ አፍ ሲወጣ ደረቴን የመታኝ መሰለኝ።

ዳዊት ትንሿን ትል መልሶ አሰረ። ክሩ ላይ የምትታሰረው የእርሳስ ክብደትም ኢምንት ናት። ጥልቀት የሌለው ውሃ አልቆ መጥቆር የሚጀምርበት ጋ፣ ሳያንቦጫርቅ አሳረፋት። እስክትሰምጥ ጠበቀ። ስንዝር የምታህል ከፍ አደረጋትና ተዋት። ተዋት ስል በቃ ተዋት ነው! እጄን በላኝ።

«ምን ትጠብቃለህ? ሳበው እንጂ!»

«ዝም ሲል ነው የምትወስደው» አለኝ በሹክሹክታ።

ክሩ ሰው በጣቱ ጫፍ እንደነካው ትንሽ ረገብ አለ። ዓሣዋ መጣች፤ ታገለች፤ ዳር ደርሳ ከመንጠቆው አመለጠችና ተመልሳ ወረደች።

«እሰይ!» አልኩ። ዳዊት ዞሮ አየኝ። ፊቴ ይቃጠል ነበር። ከስንት ዘመን በኋላ፣ በባዕድ አገር ኩሬ ዳር፣ የእነዚያ ልጆች ሳቅ ጆሮዬ ውስጥ ጮኸ። ያን ሁሉ ገንፎ በአፌ አንጠልጥዬ ቤቷን ሳደፈርስ የከረምኩት እኔ ነበርኩ።

ቤት ስንመለስ ለጓደኞቼ ደውዬ እንዳትመጡ አልኳቸው፤ ቅር ያለው ቅር ይበለው። ድስቱን አጥቤ ሰቀልኩት። ቀጭን አጥሚት በትንሽ ኩባያ አድርጌ ወደ ሕይወት ክፍል ገባሁ፤ አልጋዋ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩና ከቁም ሣጥኑ ጎን መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ብዪ አላልኩም። አላየኋትም። ምላሴ እንደ ታሰረ ውሻ ይቁነጠነጥ ነበር። ሆዴ ደግሞ ሰኞ ሳይደርስ ብትወድቅስ፣ ዝም ማለቴ ቢገድላትስ ይለኛል። ኩባያው እንደሞላ ቀዘቀዘ። ወስጄ ደፋሁት፤ ሌላ አመጣሁ። እሱም ቀዘቀዘ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ሕፃኗ ደረቷ ላይ ተኝታ ሳለ፣ «እማዬ» አለች። በአማርኛ። «ለምን ዝም አልሽ? ተቀየምሽኝ?»

«አልተቀየምኩም።»

«ታዲያ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ተቀምጫለሁ።»

ሕፃኗን ጠጋ አደረገቻት። «ስታለቅስ እፈራለሁ» አለች። «እንዳልጥላት እፈራለሁ። አፌን ከከፈትኩ ጩኸት ብቻ የሚወጣ ይመስለኛል።»

ምን ያስፈራሻል፣ እኛስ አልወለድንም ወይ ልል ነበር። ጥርሴን ነከስኩ። «እኔም ፈሪ ነኝ» አልኳት፤ ከዚያ በላይ አልተናገርኩም። እንባዋ ጸጥ ብሎ ወረደ። ትንሽ ቆይቼ ወደ ኮሪደሩ ወጣሁና ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ። ኩባያው ከጠረጴዛው ሲነሳ ሰማሁ። ለመግባት እግሬ ተነስቶ ነበር፤ መለስኩት።

ሰኞ ዳዊት ሐኪሟ ዘንድ ወሰዳት። ሐኪሟ በወላድ ላይ የሚመጣ ሕመም ነው አለች፤ ሕክምና ጀመረችላት፤ በጋው እስኪያልቅ ቀስ በቀስ ልጄ ተመለሰችልኝ። አጥሚት አዳናት አልልም፤ እንደዚያ የሚል ሰው ካለ ውሸታም ነው። አሁን ሕፃኗ መቀመጥ ጀምራለች፤ ሕይወትም አፏን ሞልታ ትስቃለች፤ አልፎ አልፎም ትቆጣኛለች፣ በአማርኛ።

እኔ ግን አልዳንኩም። የእነዚያ የልጅነት ምሽቶች ጢስ ከአፍንጫዬ ጠፍቷል፤ የአያ ሙላትንም ፊት በደንብ አላስታውሰውም። የቀረኝ፣ አርጅቼ የተማርኩት፣ ከሚወዱት ሰው አጠገብ ባዶ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ነው፤ ወለል ከመወልወል ይከብዳል። ሕይወት ስልኳን ካላነሳች አሁንም ክፉ ክፉውን አስባለሁ። ያን ጊዜ በኡባን፣ በምድር ውስጥ ባቡር፣ ጊንሃይም ድረስ እሄዳለሁ። ደወሉን አልነካም። በራቸው ላይ ቆሜ አዳምጣለሁ፤ የእሷን ወይም የልጅቷን ድምፅ ከሰማሁ ሳልገባ እመለሳለሁ። ማንም የሚያውቅብኝ አይመስለኝም ነበር። ባለፈው ሳምንት ግን ቁና ቁና እየተነፈስኩ ደረጃውን ስጨርስ ከበራቸው አጠገብ፣ ከግድግዳው አስጠግቶ፣ አንድ ሰው ትንሽ ወንበር አስቀምጦ አገኘሁ። ትራስም አለበት።

ተቀመጥኩበት።