ጠረጴዛውን ሁለት ጊዜ

እትዬ ነጥብ ይሏታል፤ ዋናውን ስሟን የሚያውቀው መዝገብ ቤቱ ብቻ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ምድር ቤት ተቀምጣ፣ በብረት ሰሌዳና በወስፌ ወረቀት እየወጋች ለልጆች የብሬል መጽሐፍ ትሠራለች። ብሬል በእጅ ሲጻፍ ከጀርባ ነው፤ ከቀኝ ወደ ግራ ይወጋል፣ ወረቀቱ ሲገለበጥ ያበጠው ነጥብ ከግራ ወደ ቀኝ ይነበባል። ዕድሜዋን በግልባጭ ጻፈችው ብትሏት አትቀየምም።

ከጠረጴዛዋ ማዶ ጋሽ ጣቱ ይቀመጡ ነበር፤ ዓይነ ስውር አራሚ። እያንዳንዱን ገጽ በጣታቸው ያነባሉ። ስሕተት ሲያገኙ አይናገሩም፤ ጠረጴዛውን ሁለት ጊዜ ኳ ኳ ያደርጋሉ። ነጥቡ ሲሳሳባቸው ብቻ፣ «ዛሬ ወስፌሽ ቁርስ አልበላም እንዴ?» ይሏታል።

ጋሽ ጣቱ ሞቱ። ኮሚቴ ተሰበሰበ፤ መቼም ኮሚቴያችን ለመሰብሰብ ሰንፎ አያውቅም። ዓይን ያላት ሴት እያለች ምን ሌላ አራሚ ያስፈልጋል ተባለ። ራሷ ትጻፍ፣ ራሷ ታርም፣ ራሷ ትፈርም። በዚያው ወፍራሙ ወረቀት ቀርቶ ስሱ እንዲገባ ተወሰነ። ተጨበጨበ። እሷም አጨበጨበች፤ ይህን አልደብቅላትም።

ሁለት ዓመት እንዲህ ሄደ። ገጹን ወደ መስኮቱ ታዘነብለዋለች፤ ብርሃን ከጎን ሲመታው ነጥቡ ሁሉ ጥላ ይጥላል፤ ጥላውን አንብባ «ታርሟል» ብላ ትፈርማለች። በፈረመች ቁጥር ከማዶ፣ ከባዶው ወንበር ፊት፣ ጠረጴዛው ኳ ኳ ይላል። አይጥ ነው አለች። ቧንቧ ነው አለች። ወንበሩን አስወጣችው። ያ የሚያንኳኳው ግን ወንበር የሚፈልግ አልነበረም።

ከላይ ደግሞ የሦስተኛ ክፍል ልጆች ሰነፉ የሚል ወሬ መጣ። የባሰችው አንዲት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት፤ ገጹን በጣቷ ታስስና «ምንም የለም» ትላለች። ኮሚቴው ተሰበሰበ፤ ምን ሥራ አለው! አእምሮዋ አይቀበልም ብሎ ከትምህርት ወጥታ መጥረጊያ ወደሚሠሩት እንድትዛወር ወሰነ። ዓርብ እናቷ መጥታ ትፈርማለች።

ሐሙስ ከምሳ በኋላ ልጅቷ መጽሐፏን እንድትመልስ ምድር ቤት ተላከች። እትዬ ነጥብ ተቀብላ ገለጠችው፤ የገዛ ፊርማዋ አለበት።

«ለምንድን ነው የማታነቢው፣ የኔ ልጅ?»

«የለበትማ፣ እትዬ።»

«ይኸው እኮ፤ እኔ አየዋለሁ።»

«እንግዲያው የእርስዎ ነዋ።»

ጠረጴዛው ኳ ኳ አለ። ልጅቷ ፊቷን ወደ ባዶው ቦታ አዞረች።

እትዬ ነጥብ በሃያ ስድስት ዓመት አድርጋው የማታውቀውን አደረገች፤ ዓይኗን ጨፍና ጣቷን ገጹ ላይ አሳረፈች። ልሙጥ ነው። ስሱ ወረቀት ሲደራረብ ነጥቡ ሰምጧል፤ የቀረው ለጥላ ይበቃል፣ ለጣት አይበቃም። ከመደርደሪያው ሌላ አወጣች፣ ሌላም፤ የሁለት ዓመቱ ሁሉ ልሙጥ፣ ሁሉም «ታርሟል»። ከታች የጋሽ ጣቱን ዘመን አንድ መጽሐፍ መዝዛ ለልጅቷ ሰጠቻት። ልጅቷ መጀመሪያ እየተንተባተበች፣ ቀጥሎ እንደ ውሃ አነበበችው።

ዓርብ እናትየዋ ከመፈረሟ በፊት እትዬ ነጥብ ኮሚቴው ፊት ቆመች። «ልጅቷ ጤነኛ ናት። ባዶውን የጻፍኩት እኔ፣ የፈረምኩትም እኔ ነኝ።»

ገጹን ተቀባብለው አዩት። ይታያል እኮ አሉ ባንድ ድምፅ፤ ዓይናሞች አይደሉ? ጨፍናችሁ ንኩት አለቻቸው። ርዕሰ መምህሩ ጨፈነ፣ ዳሰሰ፣ አንድ ዓይኑን ሰርቆ ከፈተ፣ መልሶ ጨፈነ።

ልጅቷ ከክፍሏ አልወጣችም። ወፍራሙ ወረቀት ተመለሰ። እትዬ ነጥብ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሳት፤ ኮሚቴው ለራሱ ለመጻፍ ወረቀት አጥሮት ይሆናል። አራሚ እስኪቀጠር ልጅቷ ከትምህርት በኋላ እየወረደች ገጾቹን በጣቷ እንድትፈትሽ ተስማሙ፤ ወንበሩም ተመልሶ ገባ።

በመጀመሪያው ቀን ሦስተኛው መስመር ላይ ጣቷ ቆመ። አልተናገረችም። ጠረጴዛውን ሁለት ጊዜ አንኳኳች።

እትዬ ነጥብ ወስፌዋን አስቀመጠች። «ማነው እንዲህ አድርጊ ያለሽ?»

«ማንም» አለች ልጅቷ። «እዚህ የሚቀመጡት ሰውዬ እንዲህ አይደል የሚያደርጉት?»

እትዬ ነጥብ ቀና ብላ ለማየት አልደፈረችም። አዲስ ወረቀት ሰሌዳው ላይ አስገባችና ከመጀመሪያው መስመር መውጋት ጀመረች፤ ጠንከር አድርጋ።