የአቶ እገሌ ቅጽ

ሰፈሩ «አራት ነጥብ» እያለ ነው የሚጠራው። ሠላሳ አንድ ዓመት ማተሚያ ቤት ውስጥ አራሚ ነበር፤ የሰውን ስህተት በቀይ እስክሪብቶ ሲለቅም ኖሮ ጡረታ ወጣ። ክርክር ሲሰለቸው «በቃ፣ አራት ነጥብ!» ብሎ ይነሣል። ቅጽል ስሙም ከዚያ መጣ። ስሙን አይጠላውም። የሚጠላው በዓልን ነው።

በዓል ሲደርስ ሰው ሁሉ ወደየዘመዱ ይበታተናል። ሱቁ ይዘጋል፣ የታክሲ ተራው ጭር ይላል፣ ከየግቢው ሳቅ ብቻ ይሰማል። ሚስቱ ካረፈች ሰባት ዓመት ሆናት። አንድ ልጁ ሌላ ከተማ ነው የሚኖረው። «ለበዓሉ እንመጣለን፣ አባዬ» ይላል በየዓመቱ። ከዚያ የመኪናው ብልሽት ይመጣል፣ የልጆቹ ጉንፋን ይመጣል፣ የአማቱ ሕመም ይመጣል፤ ልጁ ብቻ ይቀራል። አራት ነጥብ ታዲያ ጎረቤት በጠየቀው ቁጥር «ልጄ ይመጣል» ይላል። አንዴ ብሎታልና ሊሰርዘው አልቻለም። የአገሩን ስህተት ሲያርም የኖረ ሰው የራሱን አንዲት ውሸት ማረም አቃተው። ውሸቷ እንዳትታወቅበትም ሰው ቤቱ መጋበዝ ተወ፤ ከሁሉም ጋር የሚገናኘው መንገድ ላይ ነው፤ ከቅርብ ጎረቤቶቹ በቀር በሩን የሚለይ የለም። ብቻውን መሆኑን ችሎታል። ሰው ከንፈር እንዲመጥለት ግን አይፈልግም፤ ያን ከሞት አሳንሶ አይፈራውም።

በበዓል ቀን አረጋውያን ቤታቸው የሚጠገንበትና የሚቀባበት የበጎ ፈቃድ ሥራ ይዘጋጅ የሚለውን ሐሳብ ያመጣው እሱ ነው። ሰፈሩ «ይህ ሰው ለሌላው እንዴት ያስባል!» ብሎ አደነቀው። ማሰቡንስ ያስባል። ግን ደግሞ በዚያን ቀን ቤቱ መዋል አልፈለገም። ይህን ለማንም አልተናገረም፤ እኛ ምን አስደበቀን?

ሰብሳቢዋ የሰፈሩ ልብስ ሰፊ ነበረች። ስብሰባውም በስፌት ቤቷ፣ በጨርቅ ቁርጥራጭ መሃል ይካሄዳል። አንድ ቀን ያረቀቀችውን ማስታወቂያ ስታነብ፣ «ጧሪ ቀባሪ ለሌላቸው አረጋውያን» የሚል ቦታ ላይ ደረሰች።

«ቀባሪውን አውጪው» አለ አራት ነጥብ።

«ለምን ጋሼ? እንዲህ አይደል እንዴ የሚባለው?»

«ሰውዬው ገና በቁሙ ነው። ግድግዳውን ልትቀቢለት ሄደሽ ጉድጓዱን ታስታውሽዋለሽ?»

«እውነታቸውን ነው» አለ ከተሰብሳቢዎቹ አንዱ፣ የታክሲ ሾፌር፣ «እኛ ቀቢ እንጂ ቀባሪ አንልክም!» ቤቱ በሳቅ ሞላ። አራት ነጥብ ቀዩን እስክሪብቶ አውጥቶ ሐረጉን ሰረዘና በምትኩ «በበዓል ቀን ሰው ለማይመጣላቸው» ብሎ ጻፈ። ጽፎ ሲያበቃ እስክሪብቶውን ቶሎ ከደነ። ማንም ልብ አላለውም።

ቅጹንም ያዘጋጀው እሱ ነው፤ ስም፣ የቤት ቁጥር፣ ከማን ጋር ይኖራሉ፣ በበዓል ቀን ማን ይመጣልዎታል፣ ምን ይሠራልዎ። ቤት ለቤት ዞረው የሚያስሞሉት ሰዎች እንዳይሳሳቱ አንድ ናሙና ሞልቶ እንዲያመጣ ተነገረውና ቤቱ ተቀምጦ ጀመረ። ስም በሚለው ላይ «አቶ እገሌ» አለ። የቤት ቁጥር ላይ ሲደርስ ሌላ ቁጥር አልመጣለትምና የራሱን አሰፈረ። ከዚያ በኋላ እጁን የሚይዘው አልነበረም፤ ለሰው ተናግሮት የማያውቀውን እውነት ሁሉ ለወረቀቱ ነገረው። አጣጥፎ ወስዶ ስፌት ቤቱ ጠረጴዛ ላይ አኖረው። «ናሙና» ብሎ መጻፉን ግን ረሳ። የሠላሳ አንድ ዓመት አራሚ! የሚያስሞሉት ሰዎች ደግሞ ቅጹ ገብቷቸው ስለነበር ናሙናውን ሳይጠይቁ ሄደዋል። ወረቀቱ ከተሞሉት ጋር ተደባለቀ።

በበዓሉ ጠዋት ሃያ ሁለት ሰው መጣ። አራት ነጥብ ባልዲውንና ብሩሹን እያደለ፣ «አንተ ጣራ፣ አንቺ ግድግዳ፣ እናንተ ቦዩን ጥረጉ» እያለ ሲያሰማራ ልቡ ሞቅ አለ። የአንዲት ዐይነ ስውር በር ተጠገነ፤ የአንድ ጡረተኛ ዘበኛ ክፍል ተቀባ፤ ሰውዬው ቀለሙ ሳይደርቅ እየነካ እጁን ነጭ አደረገ።

«ልጅዎ መጣ ጋሼ?» አለው ሾፌሩ መሰላሉን እያወረደ።

«መንገድ ላይ ነው» አለ አራት ነጥብ።

ከቀትር በኋላ ሥራው አለቀና ሰዉ እየተሰናበተ ወደየቤቱ ሄደ። ይህቺ ሰዓት ነበረች የፈራት። ልብስ ሰፊዋ ግን እጇ ላይ አንድ ቅጽ ቀርቷት ነበር።

«አንድ ቤት አለን። ሦስታችን እንበቃለን። ሰውዬው አፍረው ነው መሰለኝ ስማቸውን አልሰጡም። ‹አቶ እገሌ› ነው የሚለው።»

አራት ነጥብ ጆሮው ድረስ ጋለ። ናሙና ነው ቢል ያበቃ ነበር። ቁጥሩ የማን ነው ብትለውስ? «የተሳሳተ ቅጽ ይሆናል። ይቅር ግድ የለም» አለ።

«ኧረ ስህተት አይደለም። ይስሙት እስቲ።» ቆማ አነበበችው። «ከማን ጋር ይኖራሉ? ብቻዬን። በበዓል ቀን ማን ይመጣልዎታል? ይመጣል እላለሁ እንጂ ማንም አይመጣም። ምን ይሠራልዎ? ሥራስ የለም፤ ሰው ገባ ብሎ ቢወጣ ይበቃኛል።»

ሾፌሩ ፊቱን አዞረ። «እንሂድ» አለ ባልዲውን አንሥቶ።

ሁለቱ ከፊት፣ እሱ ከኋላ ሆነው ሄዱ። የገዛ መንገዱን እንደ እንግዳ ሰው እየተመራ ሄደበት። የቤቱ ቁጥር ስለዛገ አያገኙትም ብሎ ተስፋ አድርጎ ነበር፤ ሾፌሩ ግን በእጅጌው ጠረግ ጠረግ አደረገና «ይኸው!» አለ።

«ቤቶች!» ብሎም ተጣራ።

ያ በር «ቤቶች» ተብሎ ሲጠራ ከእሱ ሌላ አቤት የሚል ሰው ከጠፋ ሰባት ዓመት ሆኖታል። ሾፌሩ በሩን እያንኳኳ ደገመ። «ቤቶች! አቶ እገሌ!»

ጆሮውን በሩ ላይ ለጠፈ።

«ሰው የለም መሰለኝ» አለ ሾፌሩ።

ልብስ ሰፊዋ ፊቷ በራ። «ዘመድ መጥቶ ወስዷቸው ይሆናላ! እሰይ፣ ደስ ይበላቸው።» ቅጹን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። «ጋሼ፣ እርስዎም ይሂዱ እንግዲህ፤ ልጅዎ ደርሶ ይጠብቅዎታል።»

መንገድ ጀመሩ። አራት ነጥብ ቁልፉን ኪሱ ውስጥ ጨብጦ ቆመ። ትንሽ ዝም ቢል ሁሉም ነገር እንደነበረ ይቆያል፤ እነሱ ጥጉን ይታጠፋሉ፣ እሱ ይገባል፣ በሩን ይዘጋል። ልጁም መንገድ ላይ እንደሆነ ይኖራል። ቀኑ ግን ገና አልመሸም፤ ያን ሁሉ ሰዓት የት ያደርሰዋል?

«አለ» አለ።

ዞር አሉ። «ማን አለ ጋሼ?»

ቁልፉን አወጣ። ቀዳዳውን ሁለቴ ሳተው።

«እገሌ እኔ ነኝ» አለ፣ ፊቱን ወደ በሩ እንዳደረገ። «ልጄም አይመጣም። ግቡ።»