በሹክሹክታ የምትቆጥር ልጅ

አዳማ ውስጥ መዋዕለ ሕፃናት ማስተማር በጀመርኩበት ዓመት፣ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ገጽ አስምሬ ነበር። ፊደል መለየት፣ መቁጠር፣ ድምፅ አውጥቶ መናገር። የቻለው ላይ ምልክት አደርጋለሁ። የአንዲት የስድስት ዓመት ልጅ ገጽ ግን ባዶ እንደሆነ ሰኔ ደረሰ። ስጠይቃት ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ የለም። «ጮክ በይ!» ስላት ከንፈሯም ይቆማል። ልጆቹ «ቲቸር፣ እሷ እኮ አትችልም!» ይሉኛል።

ክፍሉን የሚደግሙ ልጆች ስም ሲጠየቅ የእሷን ጻፍኩ። እናቷ እንድትመጣ በመገናኛ ደብተሯ ሦስት ጊዜ ጽፌ የተመለሰልኝ ፊርማ ብቻ ነበር። ግዴለሾች ናቸው ብዬ ደመደምኩ።

በመጨረሻ አባቷ ባጃጁን በር ላይ አቁሞ ገባ። ትደግማለች ስለው ደነገጠ።

«ቤት እኮ እስከ መቶ ትቆጥራለች።»

«እኔ አንድም ቀን አልሰማሁም።»

«ጆሮዎን ካላስጠጉ አይሰሙም፣ ቲቸር። እናቷን ከወለደቻት ጀምሮ ራስ ምታት አይለቃትም። ሲነሳባት የሳህን ኮሽታ እንኳ አትችልም፤ መጋረጃ ጋርዳ ትተኛለች። ልጅቷን አፏን ሳትፈታ ጀምሮ እሽ እሽ እያልኩ ያሳደግኳት እኔ ነኝ። ሰው ሁሉ ጨዋ ልጅ ብሎ ያመሰግነኛል!»

ልጅ ከቤቱ ቃላትን ብቻ አይማርም፤ ድምፁ በሰው ላይ ምን እንደሚያደርግም ይማራል። ይህን ኮሌጅ ተምሬው፣ ፈተናም ላይ ጽፌው ነበር። ይህች ልጅ የተማረችው ድምፅ እናትን እንደሚያሳምም ነው። እኔ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ «ጮክ በይ» እያልኩ ቆየሁ።

አስጠራኋትና አጠገቧ ተንበርክኬ ጆሮዬን አስጠጋሁ። መቁጠር ጀመረች። ትንፋሿ ጆሮዬን ይኮረኩረኛል። አንድም ሳትዘል መቶ ደረሰች። ግንባሬን በእጄ ስይዝ ፊቴን አየች።

«ቲቸር፣ ራስሽን አመመሽ?»

«አላመመኝም። ቀጥዪ።»

«መቶ አንድ» አለች፤ ያው በሹክሹክታ።

ስሟን አንደኛ ክፍል ከሚገቡት ጋር አዛወርኩት። አባቷ አመስግኖኝ ሊነሳ ሲል፣ እናቷ የት እንደታከመች ጠየቅኩት።

«አንዴ ማስታገሻ ሰጥተዋት ነበር» አለ። «ከዚያ ወዲህ አልተመለስንም፤ ለመድነው።»

«ልጅቷም ለምዳዋለች» አልኩት።

መልሶ ተቀመጠ። ሐኪም ቤት የሚሄዱበትን ቀን ቆርጠን ተለያየን።