ለስለት የሰጠሁት ቲቪ ጌም

በ፲፱፻፺፭ ዓ.ም. ክረምት፣ ሐምሌ ወር ላይ፣ አንድ ነገር ሠራሁ። ለባሌ አልነገርሁም፣ ለልጄ አልነገርሁም። የንስሐ አባቴ ፊት ስንበረከክ ጾም መግደፌን፣ ሰው ማማቴን እናገርና እዚህ ላይ ስደርስ ዘልዬው እነሣ ነበር። አሁን የምነግራችሁ ያን የዘለልሁትን ነው።

ያኔ ሐይቁ ዳር ባለችው ከተማ፣ ሹም አቦ ሰፈር እንኖር ነበር። ባለቤቴ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። ለልጃችን ለሳሙኤል ቲቪ ጌም ገዛለት፤ ግራጫ ሳጥን፣ ሁለት ጆይስቲክ፣ አንድ ቢጫ ካሴት። ካሴቱ አልሠራ ሲል ያወጡትና በአፋቸው እፍ እፍ ብለውበት ይመልሱታል፤ ይሠራል። ምኑን እንደሚያድኑት እስከ ዛሬ አላውቅም። ታንክ ከታንክ የሚታኮስበት ጨዋታ ነበር። ከታች በጡብ የታጠረች አንዲት ቤት አለች፤ እሷ ከተመታች ሁሉም ያልቃል። ባለቤቴ ከፈረቃ ሲመለስ የጥጡን ብናኝ ከፀጉሩ ሳያራግፍ ልጆቹ መካከል ይቀመጥ ነበር።

ልጆቹ ያልሁት ሳሙኤልንና ጓደኛውን አንዷለምን ነው። አንዷለም የጎረቤታችን የየሺ ልጅ ነው። የሺ ሐይቁ ዳር ዓሣ እየጠበሰች ብቻዋን ታሳድገው ነበር።

«አንተ ቤቱን ጠብቅ፣ እኔ ልሂድ!» ይላል ሳሙኤል።

«ሁልጊዜ እኔ ዘበኛ? ደመወዝ አለው?»

«እማዬ ዳቦ ትሰጥሃለች።»

አንዷለም እየተነጫነጨም ቢሆን ቤቷን ይጠብቃል። ድምፃቸው አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ፤ ቆርቆሮው ላይ ዝናብ፣ ከዝናቡ በላይ የእነሱ ጩኸት።

በዚያ ክረምት ባለቤቴን ወባ ጣለው። ሐኪሙ ጸልዩለት ብሎን ወጣ። እኔ ግቢው ውስጥ ጭቃው ላይ ተንበርክኬ «ቅዱስ ገብርኤል፣ ይህን ሰው ካነሣህልኝ ከቤቴ የተወደደውን ዕቃ አመጣልሃለሁ» አልሁ። ስሳል በልቤ የነበረው የእናቴ የወርቅ ጉትቻ ነው። ይህን ልብ በሉልኝ። ጉትቻው ነበር።

ባለቤቴ ተነሣ፣ ተመስገን። ጉትቻውን ከሣጥን አወጣሁት፣ አደረግሁት፣ በመስታወት አየሁት። እናቴን መሰልሁ። መልሼ ቆለፍሁበት። ከዚያ ዓይኔ ቲቪው ሥር ባለው ግራጫ ሳጥን ላይ አረፈ። በዚህ ቤት ከእሱ የተወደደ ምን አለ? አልሁ። ልጁም ወደ ዳዊቱ ይመለሳል አልሁ። በአፌ የተሳልሁትን ቃል ይዤ በልቤ የተሳልሁትን ካድሁ። የእኔ ባልሆነ ዕቃ ስለቴን ላደርስ ተነሣሁ።

ሐምሌ አሥራ ዘጠኝ ጠዋት ባለቤቴና ሳሙኤል ሰፈር ካለው ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። እኔ ከከተማው ውጭ፣ መሸንቲ፣ ዘመድ ጋ ሄጄ እሳለማለሁ ብዬ ቀረሁ። አንዷለም ሳሙኤልን ፍለጋ መጣ፤ የለም አልሁት፣ ተመለሰ። እሱ ከሄደ በኋላ ሳጥኑን በነጠላ ጠቅልዬ ወጣሁ። የሚያውቀኝ ሰው ከሌለበት የገጠር ገብርኤል ወሰድሁት። ከቅዳሴ በኋላ ስለቱ ለጨረታ ሲወጣ፣ ከጃንጥላውና ከበጉ ቀጥሎ አጫራቹ ሽማግሌ የእኔን ብድግ አደረጉት።

«ይኸ ደግሞ ምንድን ነው፣ ምእመናን? ሽቦው አንጀት መሰለ!»

«ሬዲዮ ነው፣ አባ!» አለ አንዱ።

«ታዲያ ምነው የማይናገር?»

«ቲቪ ጌም ነው! የልጅ መጫወቻ!»

«የልጅ ከሆነማ ልጁ የታለ? መጥቶ በእጁ ይስጣ!»

ሰው ሁሉ ሣቀ። እኔም ሣቅሁ። ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ ሣቅሁ። አንድ ነጋዴ አሸንፎ ይዞት ሄደ፤ እልል አልን።

ስመለስ ሳሙኤል ቤቱን አመሰቃቅሎ ያለቅሳል።

«እኛ ሳንኖር ማን መጥቶ ነበር?» አለኝ ባለቤቴ።

«አንዷለም መጥቶ ነበር» አልሁ።

እውነት ነው፣ መጥቶ ነበር። እኔ በእውነት ዋሸሁ። ባለቤቴ የሺን ከነልጇ አስጠራ።

«በእመቤቴ አልወሰድሁም! እትዬ፣ እርስዎ አይተውኛል፤ ባዶ እጄን አይደል የተመለስሁ?»

አይቼዋለሁ። እጁ ባዶ ነበር።

«ልጄ፣ እኔ ምን አውቃለሁ?» አልሁ።

ከቤተ ክርስቲያን በመጣሁበት አፍ ይህን አልሁ። የሺ እዚያው ፊታችን መታችው፤ እየመታችው የምታለቅሰው እሷ ነበረች። ለምን ዝም አልሁ? የድሃ ልጅ ነው፣ ቶሎ ይረሳዋል ብዬ ነው? አዎ፣ እንዲህ ብዬ ነው።

አንዷለም ከዚያ ወዲህ ደጃችንን አልረገጠም። አድጎ ተሳላሚ ሐይቁ ላይ ወዳሉት ገዳማት የሚያሻግር ጀልባ ነጂ ሆነ። እኔ በየዓመቱ ስሻገር የእሱን ጀልባ አሳልፌ የሌላውን ተራ እጠብቅ ነበር። የሺ ስትሞት ቀብሯ ላይ ቆሜያለሁ፣ ንፍሮዋን ቀምሻለሁ። ያን ጊዜም ዝም አልሁ።

ባለፈው ሳምንት ሳሙኤል ልጁን ይዞ አሁን ከሚኖርበት ከፋሲሎ ሰፈር መጣ። የድሮዎቹ ጨዋታዎች ሁሉ ያሉበት ትንሽ ሳጥን ገዝቶ ኖሯል። ያው ታንክ፣ ያችው ቤት፣ ያው ድምፅ። ባለቤቴ መነጽሩን አድርጎ ከልጅ ልጁ አጠገብ ተቀመጠ። ይህን ላሳየኝ አምላክ ተመስገን አልሁ።

«አባዬ፣ የድሮው የት ሄደ?» አለች ትንሿ።

«ሌባ ጓደኛ ነበረኝ» አለ ሳሙኤል እየሣቀ። «ቤቱን ጠብቅ የምለው ልጅ።»

«እኔ ነኝ» አልሁ።

«ምኑ ነሽ፣ እማዬ?»

«የወሰድሁት እኔ ነኝ።»

ሁሉንም ነገርኋቸው። ታንኮቹ ቤቷን መቷት፤ ማንም አላያትም። ሳሙኤል «ይህን ሁሉ ዘመን?» ብቻ አለ። ባለቤቴ መነጽሩን አውልቆ ተነሣ።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ሐይቁ ወረድሁ። ጉትቻውን ልወስድለት አስቤ ነበር፣ ተውሁት። ዛሬም በዕቃ ላመልጥ ነው? አንዷለምን የጀልባውን ገመድ ሲፈታ አገኘሁት።

«እትዬ! ዛሬ ደግሞ በእኔ ጀልባ?»

ነገርሁት። ገመዱን መልሶ አሰረው።

«ይህን ለእኔ ምን ይነግሩኛል?» አለኝ። «እኔማ እንዳልወሰድሁ አውቅ ነበር። የማታውቀው እናቴ ነበረች።»

ይቅር በለኝ ልለው ሄጄ ነበር፤ ሳልለው ተመለስሁ። ከዚያ የሺ ወደተቀበረችበት ቤተ ክርስቲያን ሄድሁ። መቃብሯን ሣር ውጦታል። ጫማዬን አውልቄ ተንበረከክሁ። ሊሳለም መጥቶ በግቢው የቆመ ሰው ሁሉ እንዲሰማኝ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ «የሺ፣ ልጅሽ አልሰረቀም» አልሁ።