የአስናቀች ሽንኩርት

ዛሬ ከቅዳሴ ስመለስ ጓሮዬን ተቆፍሮ አገኘሁት።

የተነካው የሐበሻው ሽንኩርት ብቻ ነው። ጎመኑ እንዳለ አለ። እንዲህ የሚመርጥ ሌባ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ሽንኩርቱን የተከለችው ባለቤቴ አስናቀች ናት፤ ነፍሷን ይማርና። አንዱ ራስ ብዙ ልጅ እያወጣ ከዓመት ዓመት ይኖራል። እሷ ከሞተች ወዲህ አንድም ራስ አልነቀልኩም፤ ቅጠሉን ብቻ እየቀነጠስኩ ሽሮዬ ላይ ጣል አደርጋለሁ።

አሁን ግማሹ የለም። በጎረቤቴ በሐዋ አጥር ስር ደግሞ እርጥብ አፈር ተንጠባጥቧል።

ሄድኩ።

«ሐዋ፣ ሽንኩርቴን ማን ነቀለው?»

«እኔ ነኝ» አለችኝ፣ ቅንጣት ሳታፍር። «አስናቀች ብላኛለች፦ ዝናብ ሲጀምር ግማሹን አንቺ ጋ ትከዪ፤ የኔ ከጠፋ ካንቺ እወስዳለሁ። ያንተ ተጨናንቆ ሊበሰብስ ነው። ወላሂ፣ አንድ አልበላሁም!»

«ታዲያ ለምን አልጠየቅሽኝም?»

«አንተ መቼ በር ከፍተህ?»

ከቀብሩ ወዲህ ስንት ሰው አንኳኩቶ እንደተመለሰ እኔና እግዚአብሔር እናውቃለን።

መደቧን አሳየችኝ። የአስናቀች ሽንኩርት በመስመር ተተክሎ፣ ውሃ ጠጥቶ ቆሟል። የቅዳሴው ጸበል ከአፌ ሳይደርቅ ሰውን በሌባ ዓይን ማየቴ አሳፈረኝ።

ስወጣ ግን ድስቷን ማሽተቴ አልቀረም። በሽንኩርት የተሠራ ባሚያ ነው። ሽንኩርቱ ከየት እንደመጣ አልጠየቅኩም።

እናንተስ፣ የሞተባችሁ ሰው ሳይነግራችሁ ጎረቤት ጋ ያስቀመጠው አደራ ገጥሟችሁ ያውቃል? እስቲ ጻፉልኝ፤ በሬን ከፍቼ ተቀምጫለሁ።