ሰሊጥ የሸተተው ራዲያተር

ዛሬ ጠዋት ከጎንደር ተዛውሮ የመጣ አንድ መምህር ያረጀች አውቶሞቢል ይዞ ጋራዤ ገባ። "ውሃ ትጨርሳለች፣ ቶሎም ትሞቃለች" አለኝ። ሞተሩ እስኪበርድ ጠብቄ የራዲያተሩን ክዳን ስከፍት ሻይ በወተት የመሰለ ወፍራም ነገር ጣቴ ላይ ቀረ። እንደ ልማዴ መጀመሪያ አሸተትኩት። መምህሩ ሳቀ፤ ራዲያተር የሚያሸት መካኒክ አይቶ አያውቅም መሰለኝ። ማሽተት ያስተማረኝን ሰው ግን ለብዙ ዓመታት ስሙን በበጎ አንስቼው አላውቅም።

እንዳለ ይባላል። ያኔ እኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር፤ እዚሁ ገንዳ ውሃ ከተማ፣ ጋሽ ብርሃኑ ጋራዥ ውስጥ አራት ዓመት ሠርቼ ነበር። እሱ ከጎጃም መጥቶ ስምንት ወር እንኳ ሳይሞላው፣ ጋሽ ብርሃኑ አስቸጋሪ ሞተር ሲመጣ "እስቲ እንዳለን ጥሩት" ማለት ጀመሩ። ምሳ ስንበላ ሳይቀር ቃሪያውን ወደ እሱ በኩል የሚያስጠጉ ይመስለኝ ነበር። ቅናት ሰውን እንዲህ ያደርጋል፤ ቃሪያ ያስቆጥራል። በዚያ ላይ ጋሽ ብርሃኑ ዓይናቸውን ሊታከሙ ጎንደር የሚሄዱበት ጊዜ ተቃርቦ ነበር። ጋራዡን ከሁለታችን ለአንዳችን ትተው እንደሚሄዱ ሁለታችንም እናውቅ ነበር።

እንዳለ ቆላውን አልለመደም። በአጨዳ ወቅት ገንዳ ውሃ ሁለመናዋ ሰሊጥ ሰሊጥ ይሸታል፤ መንገዱ፣ የጭነት መኪናው፣ ሸሚዛችን፣ ትራሳችን። እኛ አይታወቀንም። እሱ ግን ብናኙ ያስነጥሰዋል። ጠዋት ጠዋት አፍንጫውን በፎጣ ሸፍኖ ሲገባ "ይሄ ደገኛ" እያልኩ አሾፍበታለሁ። መልሶ "አያ ሲሳይ" እያለ በአክብሮት ነው የሚጠራኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ጥቅምት ውስጥ አቶ ደሴ የሚባሉ የኮኪት ገበሬ አሮጌ ፒክአፓቸው መንገድ ላይ እየፈላችባቸው በገመድ አስጎትተው መጡ። ሰሊጣቸው ታጭዶ፣ ሂላ በምንለው የነዶ ክምር ተደርድሮ ማሳው ላይ ቆሟል። የሰሊጥ ነዶ ሲደርቅ አፉን ይከፍታል፤ በወቅቱ ካልተራገፈ ንፋስና ዝናብ መሬት ላይ ይበትነዋል። ሠራተኛና ሸራ የምታደርስላቸው ያቺው መኪና ብቻ ነበረች።

"ልጆቼ፣ ነገ ካለፈብኝ አለቀልኝ" አሉን።

ክዳኑን ከፈትኩ። ወተት የመሰለ ዝቃጭ፣ ላዩ ላይ የሚያብረቀርቅ ቅባት። ጊዜ አልፈጀብኝም። "ዘይትና ውሃ ተቀላቅሏል። ጓርኒሲዮኑ ተቃጥሏል፤ ቴስታው ይወርዳል" አልኩ፣ ጋሽ ብርሃኑ እንዲሰሙኝ ድምፄን ከፍ አድርጌ። ቴስታ የሞተሩ ራስ ነው፤ ጓርኒሲዮን ደግሞ ከሥሩ ተነጥፎ ዘይቱንና ውሃውን የሚለያይ ስስ ንጣፍ። ጋሽ ብርሃኑ "በደንብ እዩት" ብለውን አቶ ደሴን ሻይ ሊጋብዙ ይዘዋቸው ወጡ።

እንዳለ ሞተሩን ለአፍታ አስነስቶ አጠፋ። የዘይት መለኪያውን መዝዞ አንድ ሁለት ጠብታ በጋለው የጭስ ማውጫ ላይ አንጠባጠበ። ውሃ የገባበት ዘይት ይንጣጣል፤ ይሄኛው ዝም ብሎ ጨሰ።

"ዘይቱ ወደ ውሃው አልፎ፣ ውሃው ወደ ዘይቱ ላያልፍ ይችላል" አልኩት። ይህ እንኳ እውነት ነው።

እሱም ከዝቃጩ በጣቱ ወስዶ አሸተተ። አስነጠሰው።

"አያ ሲሳይ፣ ይህ የሞተር ዘይት አይደለም። እስቲ አሽትተው፤ ሰሊጥ ነው። ራዲያተሩ ሲያፈስባቸው ጊዜ ወቅጠው ጨምረውበታል።"

ሾፌሮች የሚያፈስ ራዲያተር በተልባ ዱቄት እንደሚደፍኑ አውቃለሁ። ጋሽ ብርሃኑ ይህን ያደረገውን ሰው ስለሚቆጡ ግን ማንም አደረግሁ አይልም። ኮኪት ላይ ተልባ ከየት ይመጣል፤ ሰሊጥ ግን ሞልቷል። አሸተትኩ። ሰሊጥ ነበር። ራዲያተሩን በሳሙና ውሃ አጥበን፣ ቀዳዳውን በይደን እስከ ምሳ ሰዓት ልንሸኛቸው እንችል ነበር።

"ቁልፍ አቀብለኝ" አልኩት።

"አያ ሲሳይ፣ ቴስታው ከተነካ እኮ..."

"አቀብለኝ አልኩህ።"

ቴስታ አንዴ ከተፈታ ጓርኒሲዮኑ የግድ በአዲስ ይቀየራል፤ አዲሱ ደግሞ ከጎንደር ነው የሚመጣው። ይህን አሳምሬ አውቃለሁ። ግን ጋሽ ብርሃኑ ተመልሰው "እንዳለ አገኘው" ሲሉ ታየኝና ደሜ ፈላ። ብሎኖቹን አንድ በአንድ ፈታሁ። ምንም ያልሆነውን ጓርኒሲዮን አጣጥፌ የቆሻሻ በርሜል ውስጥ ወረወርኩት።

ጋሽ ብርሃኑ ሲመለሱ "ተቃጥሏል?" አሉ።

"ተቃጥሏል" አልኩ።

ወደ እንዳለ ዞረው አዩት። እሱ እጁን በጨርቅ መጥረጉን ቀጠለ።

ዕቃው በሦስተኛው ቀን ደረሰ። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት ግን ዝናቡ ወርዶ ነበር። አቶ ደሴ መኪናቸውን ሊወስዱ ሲመጡ ወደ ጎን ሳብ አደረጉኝ። "ለጋሽ ብርሃኑ እንዳትነግርብኝ፤ ሰሊጥ ወቅጬ ጨምሬባት ነበር። ራሴው ነኝ ያቃጠልኳት። ግማሹ ሰሊጥ ሜዳ ቀረ፤ የእጄን ነው ያገኘሁ" አሉኝ። "አይዞዎት" አልኳቸው። ያን ቃል ባስታወስኩ ቁጥር አፍራለሁ። እውነቱን ዛሬ ነገ እነግራቸዋለሁ ስል ዓመታት አለፉ፤ እሳቸውም አረፉ።

ጋራዡን እኔ ያዝኩ። እንዳለ የአጨዳው ወቅት ሳያልቅ ጓዙን ሸክፎ ጎንደር ገባ። ሲሄድም "ደህና ሁን፣ አያ ሲሳይ" ብሎ ነው።

የመምህሩ መኪና ሰሊጥ አልሸተተችም። ዘይቷም በጋለው የጭስ ማውጫ ላይ ተንጣጣ። የዛሬው እውነተኛው መቀላቀል ነው፤ ቴስታው መውረዱ የግድ መሆኑን ነገርኩት።

"እንግዲያው ይፍቷት" አለኝ ሳያንገራግር።

"ሌላ ሰው አታሳያትም?"

"ጎንደር መኪናዬን የሚያይልኝ እንዳለ የሚባል መካኒክ ነው። ገንዳ ውሃ መመደቤን ስነግረው 'አያ ሲሳይ ጋ ውሰዳት፤ የሚነግርህን እመን' አለኝ።"

ፊቴን እንዳያየው ቁልፍ የምፈልግ መስዬ አጎነበስኩ። እንዳለ ያን ቀን ያየውን የሚረሳ ሰው አይደለም፤ እያወቀ ነው የላከልኝ። እኔ በእሱ ቦታ ብሆን ኖሮ አልልክም ነበር። የመጀመሪያውን ብሎን መፍታት ጀመርኩና፣ ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ እንደገና ቀናሁበት።