የጽጌ ጾመኛዋ ምራት

ከሠርጋችን በኋላ ወደ ባለቤቴ እናት ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ የሄድኩት በጥቅምት ነው፤ ከመካነ ሰላም ወጣ ብላ ካለች ገጠር። አማቴ «የደሴ ልጅ ጾም የት ታውቃለች» ብለው ይሰጉ እንደነበር ጆሮዬ ደርሷል። እኔ ደግሞ እንዲወዱኝ የማልሆነው አልነበረም።

በግ አርደው ጠበቁን። ገና ትሪው ሲቀርብ፣ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ «ይቅርታ እማማ፣ ጽጌን እጾማለሁ» አልኩ። ጽጌ የፈቃድ ጾም ነው፤ እኔ እንኳን የፈቃዱን የግዴታውንም እያቃሰትኩ ነው የምጾመው። ጠዋት መናኸሪያ እንቁላል ፍርፍር ሲያጎርሰኝ የነበረው ባለቤቴ ዓይኑን አፈጠጠ። አማቴ ግን ወደ አፋቸው የተቃረበውን ጉርሻ ቀስ አድርገው መለሱና፣ «ወላሂ፣ እኔም ጿሚ ነኝ! ለእንግዳ ብዬ እኮ ነው» አሉ። በጉን ባለቤቴ ብቻውን ተያያዘው።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የእኔ ግን እያደር አንጀቴን አጠፈው። በጥብስ ሽታ መሐል ሽሮ በላሁ። አማቴ ለጎረቤቱ ሁሉ «ምራቴ መነኩሴ ናት» ሲሉ፣ በእመቤታችን ጾም መዋሸቴ ያቃጥለኛል።

በሦስተኛው ቀን አማቴ ከብቶቹ ዘንድ ወርደዋል ብዬ ማጀት ሹልክ ብዬ ገባሁ። የመጣሁት ለእርጎው ቅል ነበር። ቅሉ ግን ሥራ ላይ ነው፤ አማቴ አንጋጠው ይጠጣሉ። ዞር ሲሉ የላይኛው ከንፈራቸው ነጭ ሆኗል።

«ተበላሽቶ እንደሆነ ልቅመሰው ብዬ...» አሉ።

ዝም ብል ቅድስናዬ ዕድሜ ልኬን ተከብሮ ይኖር ነበር። ግን እኚያ ትልቅ ሴት በእኔ ምክንያት በገዛ ማጀታቸው እንደ ሌባ ሲሸማቀቁ ሳይ አላስቻለኝም።

«እማማ፣ እኔም ለእሱ ነው የመጣሁት። ጽጌን ጾሜ አላውቅም።»

«ታዲያ ለምን ዋሸሽ?»

«እንዲወዱኝ።»

ከንፈራቸውን በነጠላቸው ጠርገው ቅሉን አቀበሉኝ።

«እኔስ ለምን መሰለሽ? አብሽሪ፣ ጠጪ።»

ሰው የሚዋሸው ከክፋት ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካ እግዚአብሔር እንደሚያየን ሰው ቢያየን የሚወደን የለም ብለን ስለምንፈራም ነው። እሱ ግን እያየን ይወደናል።

ባለቤቴ ገብቶ ቅሉን ቢያነሳው ባዶ።

«ማን ጨረሰው?»

ድመቷ ምድጃው ዳር ተኝታለች። ሁለታችንም ወደ እሷ አየን፤ ከዚያም እርስ በርስ ተያየን።

«እኛ» አሉ አማቴ።